መርዙን ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ያስጻፈችኝ ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ የወጣች አንዲት ደብዳቤ ናት። ጸሐፊው «ክረምት በገባ ቁጥር ጅቡም ጦጣውም ጃርቱም ግቢያችንን ወረሰው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መፍትሔ ብለው ያመጡት ግን ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ማታ አጥር ሥር መጣልን ነው። ብሶታቸው ይገባኛል። እኔም የምኖረው እንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው፤ እዚህ ሰፈር ሐምሌ ላይ የጅብ ድምፅ ሳይሰማ የሚነጋበት ሌሊት ጥቂት ነው። መርዙ ላይ ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በሰፊው እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ሁሉም የሚፈራው ጅቡን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጅብ ሰፈር ውስጥ የሚገባው ሸትቶት ነው። ክረምት ላይ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በዝናቡም በጭቃውም ይዘገያሉ፣ ኬሻው በር ላይ ቀናት ያድራል። ውስጡ አጥንት አለ፣ የዶሮ ሆድ ዕቃ አለ፣ የበሰበሰ ምግብ አለ። አንዳንድ ሥጋ ቤት ደግሞ ትርፍራፊውን ሲመሽ ወንዝ ዳር ይደፋል። እንደ ቀበና ያሉት ከእንጦጦ የሚወርዱ ወንዞች ለጅብ መንገድ ናቸው፤ ዳርና ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ተከትሎ ማንም ሳያየው ወደ ከተማው ይዘልቃል። ጉም ሲወርድና መብራት ሲጠፋ ደግሞ በቃ፣ ሰፈሩ የእሱ ነው። እንግዲህ የጠራነው እኛው ነን፣ እራት ያቀረብንለትም እኛው ነን፣ መጣብን ብለን የምንጮኸውም እኛው ነን።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ፤ በጣም የምወደው ጥናት ነው። የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ ማለት ነው። በጾሙ ሰው ሥጋ ስለማይበላ ከሥጋ ቤቱም ከየቤቱም የሚጣለው ትርፍራፊ ያንሳል። ያን ጊዜ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል። የአህያ ጸጉር ድርሻ በጾሙ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ ጾሙ ሲፈታ መልሶ ቀነሰ። እኛ ስንጾም እሱም ሜኑ ይቀይራል! ጅቡ የሚበላውን የሚወስነው የእኛ ቆሻሻ ነው ማለት ነው።

ይኸው ተመራማሪ የተሳተፈበት ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። መቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት በድንና ተረፈ ሥጋ እንደሚበሉ ይገምታል። ያ ሁሉ ባይበላ ኖሮ አባ ሰንጋና የከብት ቲቢ ወደ ሰውም ወደ ከብትም ይተላለፍ ነበር፣ ጥናቱ ይህንንም አስልቶታል። እንግዲህ መርዝ የምናበላው ይህን እንስሳ ነው።

ደግሞ መርዙ ጅቡ ጋ አይቆምም። ሌሊት ጅቡ ካልበላው የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ ድመት ይበላዋል። ሲነጋ ቁራና ጥንብ አንሳ ይወርድበታል። አፍሪካ ውስጥ ጥንብ አንሳን እየጨረሰ ያለው ዋናው ነገር እንዲህ ዓይነት የተመረዘ ሥጋ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ከምድር ሊጠፋ ጫፍ ላይ ደርሷል። ለጥንብ አንሳ ማን ያዝናል ትሉ ይሆናል። ሕንዶችም አላዘኑም ነበር። እዚያ ከብት በዳይክሎፌናክ ይታከም ነበር፣ ወገብ ሲያመን የምንውጠው ያው መድኃኒት። የታከመውን ከብት በድን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ እየተበላሸ ረገፈ። ከአንዳንዱ ዝርያ ከመቶው ዘጠና አምስቱ የሚበልጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ከዚያ በድኑን ማን በላው? ባለቤት የሌለው ውሻ። ውሻው በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ መጣ።

ሐረርን እንዳትጠቅሱብኝ ብቻ። የሐረር ሰው ከጅብ ጋር መኖርን ሲወርድ ሲዋረድ የያዘው ነው፣ ጀጎል ግንብ ላይ ሳይቀር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ያንን እንኮርጃለን ብለን አጥንት ብንወረውር የሚጎዳው ጎዳና ላይ የሚተኛው ልጅ ነው። ይህን አደጋ አልክድም። መጠለያ አጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው በጅብ ይነከሳል፣ በተለይ ሕፃን። ግን ለዚህ መልሱ ልጁን ከጎዳና ማንሳትና ቆሻሻውን በሰዓቱ ማንሳት ነው። አንድ ጅብ በመርዝ ብትገድሉ ቆሻሻው እስካለ ድረስ በማግስቱ ሌላው ይመጣል።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ከጅቡ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ እነሱ ናቸው።

«የአይጥ፣ የትኋን፣ የበረሮ መድኃኒት!» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ገበያው ይደራል፣ አይጥ ከዝናቡ ሸሽታ ቤት ትገባለቻ። የሚሸጠው እሽግ ላይ ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። አይጧ በልታው ወዲያው ላትሞት ትችላለች። እየተንገዳገደች ግቢ ውስጥ ትወጣለች። ያን ጊዜ ለጉጉት ቀላል አዳኝ ናት። ጉጉት ደግሞ እኛ አገር ስሟ ክፉ ነው፤ ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሞት ጠራች ይባላል፣ በድንጋይ ትባረራለች። ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስትለቅምልን የምታድረው ግን እሷ ናት። መድኃኒት ገዝተን አይጧንም ጉጉቷንም እንገድላለን፣ ከዚያ አይጧ ቶሎ ትራባለች፣ ጉጉቷ ግን ቶሎ አትተካም። ወጥመድ ግዙ። እህሉን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ። የበሩን ሥር ዝጉ። አሰልቺ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ።

ፍልፈል ሌላው ተከሳሽ ነው። አፈሩ ሲርስ ይቆፍራል፣ ጓሮው የአፈር ቁልል ብቻ ይሆናል። ጎመኑ ጠውልጎ ነቅላችሁ ስታዩት ሥር የለውም፣ ካሮቱም ከታች ተበልቶ ቅጠሉ ብቻ ቆሟል። ያናድዳል፣ በጣም ያናድዳል። ግን ጉድጓዱ ውስጥ መርዝ መጨመር ማለት ነገ የምትበሉት ድንች ያለበት አፈር ውስጥ መርዝ መጨመር ነው። መደቡን ስትሠሩ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት አንጥፉ፣ ወይም በኬሻ ትከሉ። ጃርትም እንደዚሁ ነው። ማታ ወጥቶ ድንች ይቆፍራል፣ ሲነጋ የለም። በነገራችን ላይ ጃርት እሾኩን አይወረውርም። ሲነኩት ነው የሚለቀው፣ ውሻችሁን ያዙት እንጂ እሱ ወደ እናንተ አይመጣም።

ስለ ዶሮም ላንሳ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው ዶሮ ቤቱም የጓሮ አትክልቱም በዝቷል፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ዶሮ ካለ ሸለምጥማጥ አለ። በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ አንዴ ከገባ አንድ ዶሮ ብቻ ገድሎ ላይወጣ ይችላል። ዶሮ እንዴት እንደሚረባ የሚያስተምረን ሁሉ ዶሮ ቤቱ ከመሬት ከፍ እንዲል፣ ወለሉም በሽቦ እንዲዘጋ አብሮ ቢነግረን ምን ነበረበት? ጫጩት ከተበላ በኋላ መጮህ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጦጣ ላይ ረጅም ነገር የለኝም። ሙዝ የሰጠው ሰው ነው ያስለመደው። አትስጡት።

ወፎቹ ጋ ስንደርስ ግን ጸሐፊው ትንሽ አስቀየሙኝ። «እነዚያ ጧት ጧት የሚንጫጩት ትልልቅ ወፎች ሣራችንን ቀዳደው ጨረሱት» ብለዋል። የሚሉት ጋጋኖን ነው። መልኩን የማታውቁ ካላችሁ ድምፁን በእርግጥ ታውቁታላችሁ፤ ጎህ ሲቀድ እየተቀባበሉ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው። ጠቆር ያለ፣ ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያለው፣ ጉሮሮው ላይ ቁራጭ ቆዳ የተንጠለጠለበት ወፍ ነው። ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም አይኖርም! ፈረንጅ እሱን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ይመጣል፣ እኛ በድንጋይ እናባርረዋለን። ሣሩን ሲወጋ የሚያወጣው ትልና የጥንዚዛ ዕጭ ነው፣ ማለትም የሣራችሁን ሥር የሚበላውን ነው የሚበላላችሁ። ቀዳዳው ደግሞ ውኃ ያሰርጋል።

የእኔ ጭንቀት ጋጋኖ መምጣቱ ሳይሆን መምጣት ማቆሙ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቤት በታደሰ ቁጥር ግቢው ከዳር እስከ ዳር ታይልስ ይሆናል። ንጹሕ ነው፣ ጭቃ የለውም፣ መኪና ይቆምበታል። ታይልስ ላይ ግን ትል የለም። ውኃውም መሬት አይገባም፣ በሩ ሥር ወጥቶ ታች ያለው ጎረቤት ቤት ይገባል። ከዚያ ጎርፍ መጣብን እንላለን። አንድ ጥግ እንኳ አፈሩን ብትተዉት፣ ኮሽም ወይም ዳማ ከሴ ብትተክሉበት፣ የወፉን ዓይነት ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ኮኩን የሚበሉትም አሉ። አመድማ፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም፣ በመንጋ መጥተው ቅርንጫፍ ላይ ተዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት። ከእነሱ ጋር ሰላም የለኝም። ፍሬው ሳይበስል ነው የሚጀምሩት። ደህና የሚባለውን ዘለላ በጨርቅ ከረጢት እሸፍናለሁ፣ ከላይ ያለውን ለእነሱ እተወዋለሁ፣ እኔም እዚያ ላይ አልወጣም።

የመስቀል ወፍ የምንላትም ከሩቅ አገር የምትመጣ አይደለችም። ክረምቱን እዚሁ ሣር ውስጥ ናት። በዚህ ወቅት ወንዱ ለመራባት ላባውን ይቀይራል፣ ያምራል፣ ያኔ እናየዋለን። ወቅቱ ሲያልፍ መልሶ ድንቢጥ መስሎ ከሌላው ይቀላቀላል። የወንዝ ዳሩንና የባዶ ቦታውን ሣር ሁሉ ሐምሌ ላይ ከሥሩ የሚያስጭዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። አውሬ ግቢ ገባ የሚል ዜና ስታወጡ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበትም አብራችሁ ጻፉ። ጅብም ይሁን ውሻ ወይም ጦጣ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ይተወዋል። አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግራችሁ ሙሉ ገጽ ብታወጡበት ጥሩ ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ነሐሴ 16 ፍልሰታ ከመፈታቱ በፊት ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ እንቁጣጣሽ ነው፣ የበግ ጭንቅላቱም ሆድ ዕቃውም በየቱቦው መጣል ይጀምራል።

አክባሪያችሁ
ከሽሮ ሜዳ