ቤዝቦሉ ቢሰለችህ ተወው፣ ገንዘብ ግን አታስይዝበት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ሰላም ብላሃለች።

እህትህን አትቆጣት። ጠይቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። «ናትስን፣ የዋሽንግተኑን የቤዝቦል ቡድናችንን፣ አሁንም ያያል?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ማየት ትቷል፣ የሚያየው ገንዘብ ያስያዘበትን ጨዋታ ብቻ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጨዋታ ማየት ስለተውክ አይደለም። ስለ ገንዘቡ ነው።

መሰልቸትህማ ይገባኛል። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ አንድ ቡድን 162 ጨዋታ! በ2023 ኳስ ወርዋሪው በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር ሰዓት ሲቆጥሩበት፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጨዋታ ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ወረደ። ጨዋታው አጠረ እንጂ ወቅቱ አላጠረም። ስለዚህ ቢሰለችህ አልፈርድብህም፣ ተወው። ገንዘብ ግን አታስይዝበት።

እኔም ቀዝቅዣለሁ እኮ። በ2021 ቡድናችን ኮከቦቹን ሸርዘርንና ትሬይ ተርነርን ለሎስ አንጀለስ ሰጣቸው፣ በዓመቱ ደግሞ ሶቶን ለሳንዲዬጎ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ልጆች ስም መልመድ አቃተኝ። አንዳንድ ሳምንት ሬዲዮውን ጭራሽ አልከፍተውም። ምንም አልሆንኩም። ኦገስት ላይ አንድ ማታ ደስ ካለኝ እከፍታለሁ፣ እነሱም እዚያው ናቸው። የረጅም ወቅት ደግነቱ እሱ ነው ልጄ። ትተኸው ትሄዳለህ፣ ስትመለስ ማንም የት ነበርክ አይልህም። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ግን መሄድ አይችልም።

2019ን አስታውስ። ሜይ ላይ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር። ኮከባችን ሃርፐር ወደ ፊላዴልፊያ ሄዷል። ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሁሉም «በቃ፣ ዘንድሮ አለቀ» ይል ነበር። እኔ ግን የጨዋታችንን አስተላላፊ ቻርሊ ስሎውስን በሬዲዮ እሰማለሁ፤ ተሳፋሪ ሲገባ ድምፁን ዝቅ፣ ሲወርድ ከፍ፣ ግማሹ ጨዋታ ያመልጠኛል፣ ሲያመልጠኝም ግድ የለኝም፣ ነገ ማታ ሌላ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ኦክቶበር 30 ደረሰ። ሂዩስተን ላይ፣ የዋንጫው ፍልሚያ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከዘጠኙ ዙር እስከ ሰባተኛው 2 ለ 0 እየተመራን። ሬንዶን ሆም ራን መታ። ሶቶ በነፃ አንደኛ ቤዝ ያዘ። ከዚያ ሃዊ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ የላካት ኳስ ሄዳ የመስመሩን ምሰሶ አገኘችው፣ እሷም ሆም ራን ናት፣ 3 ለ 2። አንተ ሶፋው ላይ ቆመህ ስትጮኽ፣ እናትህ «ጎረቤቱ ፖሊስ ይጠራብናል» እያለች እሷም ስትጮኽ! 6 ለ 2 አለቀ። ያን ማታ ከእኛ ቤት አንድ ሳንቲም ያስያዘ ሰው አልነበረም። ደስታው ጎደለብህ?

ወዳጄን ታውቀዋለህ፣ የመጀመሪያ ጓንትህን የገዛልህን። ያን ዓመት ሬዲዮውን አብረን ነበር የምንሰማው። እሱም ወቅቱ ሲረዝምበት «ትንሽ ባስይዝ ለማየት ጉጉት ይሰጠኛል» ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ማን ያሸንፋል በሚለው ላይ ነበር። ቆይቶ የሚቀጥለው ውርወራ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ሆነ። ሌሊት አሪዞናና ኮሎራዶ ሲጫወቱ ነቅቶ ያያል፣ የአንድ ተጫዋች ስም ግን አያውቅም። መኪናውን ሸጠ። እዳውን እየደበቀ ከሰው ራቀ። አሁን ጨዋታ ከተከፈተ ተነስቶ ይወጣል። አብረን የሰማናቸው ጨዋታዎች ትዝ ሲሉኝ ሆዴ ይባባል። ይኸው አሁንም ስጽፍልህ ብዕሬ ወደ እሱ ሄደብኝ። ጨዋ ሰው ነበር፣ ሳቂታ። ናፍቆኛል።

«ሕጋዊ ነው አባዬ» እንዳትለኝ። አውቃለሁ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድሮውን የስፖርት ውርርድ ክልከላ ሻረው፣ በ2022 እዚያው ቡድናችን ስታዲየም፣ ናሽናልስ ፓርክ ላይ የውርርድ ቤት ተከፈተ። የታዋቂውን ተጫዋች የኦታኒን አስተርጓሚ ዜና ያነበብክልኝ አንተ አይደለህም? ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ካመነው ሰው፣ ከኦታኒ፣ ሂሳብ ወስዶ ለቁማር ከፈለ፣ በ2025 አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ተፈረደበት። መጀመሪያ ሲያስይዝ እዚያ እደርሳለሁ ብሎ ያሰበ ይመስልሃል?

ጉጉት በገንዘብ አይገዛም። ሲጠፋ ጠፋ ነው፣ ከመጣ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም ቤዝቦል ነው፣ ሃይማኖት አይደለም። ማታ ማታ ሩጥ፣ ተኛ፣ ለሴት አያትህ ደውል፣ ድምፁ ጠፋ እያለች ነው።

አሁን የምልህን አድርግ። ዛሬ ማታውኑ የቀረህን ገንዘብ አውጣና የውርርዱን አፕ ከስልክህ አጥፋ። ሂሳብህንም ዝጋው፣ አፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የባንክ ካርድህን ቀይር፣ ቁጥሩ እነሱ ጋ አለ። እዳ ካለብህ ስንት እንደሆነ ንገረኝ። አልጮኽብህም፣ ለእናትህም አንተ ካልፈቀድክ አልነግራትም። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረኝ፣ ወለዱ እንቅልፍ የለውም። ከእህትህ ግን እንዳትበደር። ለኪራይ ያስቀመጥከውን እንዳትነካ። ገንዘብ እንዳታስይዝ፣ አምስት ዶላርም ቢሆን፣ ለቀልድም ቢሆን፣ ጓደኛህ ቢጋብዝህም።

እናትህ በርበሬና ሽሮ ልካልሃለች፣ ሐሙስ ይደርስሃል፤ በር ላይ እንዳይቀር። የመኪናህን ዘይት ቀይረሃል? እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውላለሁ፣ ስልክህን አንሳ።

አባትህ