መሣሪያው በነጻ፣ መግቢያው በዶላር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያስኬደው ዋና ፕሮግራም) አምራቾች የፕሮግራም መሥሪያውንም በነጻ ይስጡ በሚለው እስማማለሁ። ውለታ አይደለም፤ ፕሮግራም የሚጽፍለት ያጣ ሥርዓት ገዢም አያገኝም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1991 የፕሮግራም መጻፊያውን ኪውቤዚክን ከሥርዓተ ክወናው ከዶስ 5 ጋር አብሮ ሰጥቷል፤ በ2014 ደግሞ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሙኒቲ የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ለግለሰቦች በነጻ ለቅቋል።

የአፕል የፕሮግራም መሥሪያ ኤክስኮድም አይሸጥም፤ ግን የሚሠራው በአፕል ኮምፒውተር በማክ ላይ ነውና ማክ የሌለው ሰው ምን ያደርግበታል? ሥራውን በአፕ ስቶር (በአፕል የመተግበሪያ መደብር) ለማውጣትም በዓመት 99 ዶላር ይጠየቃል። የደብረ ብርሃን ተማሪ ገንዘቡን ቢያጠራቅም እንኳ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከየት ያመጣል? ለጊዜው ለሰፈራችን ልጆች ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና እመክራለሁ፤ የፕሮግራም መሥሪያዎቹ ጂሲሲም ፓይተንም ያለ ክፍያ ይገኙበታል። አምራቾቹ ግን የተማሪን የማውጫ ክፍያ ጭምር ይተዉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ