«ማን ነው ዘፈኔን የቀየረው?» የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሒሳብ መምህር የሙዚቃ ክበብ ተጠሪ ሲሆን ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። መስከረም ላይ ክበባት ሲደለደሉ «ክራር ያለው ማነው?» ተባለ። እጄን አወጣሁ። በቃ፣ ተሾምኩ።

ንብረታችን ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆና አቧራዋን አራግፈን ከዕቃ ክፍል ያወጣናት አንዲት ኪቦርድ ናት። የምንገናኘው ዓርብ ከክፍል በኋላ ነው። ስለ መጀመሪያው ወር ብዙ የምለው የለኝም። ጣት ማለማመድ፣ አውታር መቃኘት፣ ብርዱ ሲያዛባው እንደገና መቃኘት። የደብረ ማርቆስን ብርድ የሚያውቅ ይገባዋል። ኅዳር ሳይገባ ከተመዘገቡት ግማሹ ጠፉ። የጸኑት ግን የምር ነበሩ።

ነገሩን የቆሰቆሰችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ሜጀር የደስታ፣ ማይነር የሐዘን ነው አይደል?» አለችኝ። ሜጀርና ማይነር ሁለት የድምፅ አደራደር ዓይነቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ስለ እነሱ እንዲህ ይላል። ወዲያው አልመለስኩላትም። ክራር ወደያዘው ልጅ ዞሬ «እስቲ ትዝታ ምታልን» አልኩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ሜጀር ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱማ አገጩን በእጁ ደግፎ በመስኮት ያይ ጀመር። «ይሄ የደስታ ነው?» ስላት ሳቀች።

ከዚያ ሚንና ላን የሚሰጡትን አውታሮች በግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ነጭም ጥቁርም ሳይዘለል) አላላናቸው። ሌላ ምንም አልነካንም። ዶ እንደ በፊቱ ማረፊያ ናት፣ ቅኝቱ ግን ትዝታ ማይነር ሆነ። በሰባቱ ድምፆችም (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) እንዲሁ ነው። ዶ ሜጀርን ዶ ማይነር ለማድረግ ሚ፣ ላ እና ሲ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ቤቱ ያው ነው፣ የቤቱ ዕቃ ተቀየረ። ይህን የሜጀርና የማይነር ዝምድና በአንድ ዓርብ ጨረስነው።

ዓመቱን የበላው ሁለተኛው ዝምድና ነው።

ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ልጆቹ አንድ የሠርግ ዜማ ይዘው መጡ። ዜማው በላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሄዳል። የሚያርፈው ላ ላይ ነው። ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት ማለት ነው፣ ደግሞም ያስጨፍራል። ኪቦርድ የያዘው ልጅ ቁልፎቹን አየ። «ሁሉም ነጭ ነው፣ ስለዚህ ዶ ሜጀር ነው» አለና ከሥር የዶ ሜጀርን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ዘርግቶ ያዘ። ዘፋኟ አንዲት ድምፅ አልሳተችም። ክራሩም አልሳተም። ግን ያ ጭፈራ ድንገት ሆድ የሚያባባ ትዝታ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጅቷ መሀል ላይ አቁማ ዞር አለች። «ቲቸር፣ ማን ነው ዘፈኔን የቀየረው?»

ዜማውን ማንም አልቀየረውም። የተቀየረው ማረፊያው ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለህ ዶ ላይ ካረፍክ ትዝታ ሜጀር ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ተነስተህ ላ ላይ ካረፍክ ባቲ ማይነር ነው። ዶ ሜጀርና ላ ማይነርም እንደዚሁ ሰባት ድምፅ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ሒሳብ ያዋጣኝ እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሣልኩ። አሥራ ሁለቱን ግማሽ ድምፆች በቁጥሮቹ ቦታ ደረደርኩና ዶን 12 ላይ አስቀመጥኳት። ከሜጀሩ ማረፊያ ሦስት ቁጥር ወደ ኋላ ስትቆጥር የማይነሩ ማረፊያ ይመጣል። ከ12 ሦስት ስትመለስ 9፣ ላ። ሶል 7 ላይ ናት፣ ጎረቤቷ 4 ላይ ያለችው ሚ ናት። ፋ 5፣ ጎረቤቷ ሬ፣ 2። እንዲህ እያልክ 12 ጥንድ ታገኛለህ። ልጆቹ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መስሏቸው ደብተር ማውጣት ሲጀምሩ ትንሽ አፈርኩ።

«ድምፆቹ አንድ ከሆኑ በምን ይለያሉ?» ብሎ የጠየቀም አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ ከሥሩ ምን ኮርድ እንደተያዘ ማዳመጥ ነው። በላ ማይነር ደግሞ ሶልን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ላ መግባት የተለመደ ነው። መሀል ላይ ሶል ሻርፕ ብቅ ካለች የላን በር እያንኳኳህ ሊሆን ይችላል።

የካቲት ላይ ሰባቱን ድምፆች በኪቦርዷ ልናሳይ ስንል መካከለኛዋ ሲ ዝም አለች። ሁለቴ ተጫንናት፣ ወይ ፍንክች። ለወራት እየተጫወትን ማንም አላወቀም! የተጫወትናቸው ቅኝቶች ውስጥ ሲ የለችማ። ባቲ ሜጀር ብንጀምር ኖሮ ያኔውኑ ይነቃብን ነበር፣ እሱ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነውና። ከዚያ ወዲህ ሲ ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ በአፉ «ሲ!» ይላል።

የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንድ ልጃችን «ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይስ ሜጀር ናቸው ማይነር?» ብሎ ነበር። የዜማው መለኪያ ሌላ ነው፣ የኔታን ጠይቅ አልኩት። በዚህ ሚዛን የማይመዘን ነገር እንዳለ ማወቁም ትምህርት ነው።

ሚያዝያ ላይ ማሲንቆ የሚመቱ አንድ አባት ጋበዝን። ዶ ሬ ሚ የሚባል ነገር አያውቁም። በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር ቅኝት ከቅኝት ያማርጣሉ፣ ጣታቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ክራሯን በትዝታ ማይነር ቃኝታ ትነካካ ነበር። ዜማዋን ደጋግማ ሶል ላይ ታሳርፋለች። አባት ደጋናቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ አምባሰል ገባሽ እኮ!» አሏት። ክራሯን አየች፣ አንድም አውታር አልነካችም። ቤት ሄጄ ቆጠርኩት። ልክ ናቸው። የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች ከሶል ሲነሱ አምባሰል ናቸው። እኔ አላስተማርኳትም፣ አላውቀውም ነበር።

በወላጆች ቀን የሠርጉን ዜማ ሁለት ጊዜ አቀረብነው። መጀመሪያ ኪቦርዷ የላ ማይነርን ኮርድ ይዛ፣ ቀጥሎ የዶ ሜጀርን። ምንም አልገለጽንም። በመጀመሪያው እናቶች እልል አሉ። በሁለተኛው ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ። ስንወርድ አንዲት እናት ዘፋኟን እጇን ያዙና «የኋለኛው ዘፈን ማን ይባላል ልጄ? ሆዴን በላው» አሏት።

«ያው የፊተኛው ነው እማማ» አለቻቸው።