መጀመሪያ ብሩን መልሱልን፣ ልገሳውን ከዚያ ጠይቁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር መምህርት ነኝ። ጋዜጣችሁን አነባለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለተሰረዘ ኮንሰርትና ስለ ትኬቱ ብር ነው።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ድምፃዊውን በጣም ትወደዋለች። ለእሷ፣ ለእናቴና ለእኔ ሦስት ትኬት ገዛሁ። አንዱ 800 ብር፣ በጠቅላላው 2,400። ይህ በመምህር ደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ልጄ ትኬቶቹ እንዳይታጠፉ ሳይንስ መጽሐፏ ውስጥ ከተተቻቸው፣ ማታ ማታ እያወጣች ታያቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባ ተሠራች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን፣ አውቶቡስ ተሰለፍን፣ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው «የዛሬው እኮ ቀርቷል፣ አልሰማችሁም?» አለን። ጠዋት ፌስቡክ ላይ ለጥፈውት ኖሯል። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ዳታ አልሞላሁም። እናቴ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ልጄ ምንም አላለችም፣ ትኬቶቹን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ኮንሰርት ይሰረዛል። ዝናብ ይመጣል፣ ፈቃድ ይዘገያል፣ ሰው ይታመማል። በዚህ አልተቀየምኩም። ያስቀየመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ብሩ የሚመለሰው ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ በሥራ ሰዓት፣ ትኬቱ በተገዛበት ሱቅ ነው ተባለ። እኔ ሰኞም ማክሰኞም ክፍል ውስጥ ነኝ። ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ፣ ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ሄድኩ። ባለሱቁ «እህቴ፣ እኛ ብሩን ለአዘጋጁ አስረክበናል፣ እነሱን ጠይቂ» አለኝ። የእነሱ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። በሳምንቱ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፤ እስካሁን ትኬታቸውን ያልመለሱ ሰዎች ገንዘባቸውን ለሙዚቃ ባለሙያዎች ድጋፍ እንደለገሱ ይቆጠራል፣ ስለ ደግነታችሁ እናመሰግናለን የሚል።

ይቆጠራል! እኔ መቼ ለገስኩ? ለምኜ ያጣሁትን ብር ሰጠሽ ብሎ ማመስገን ምን ዓይነት ነገር ነው?

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ፣ ልገሳን አልቃወምም። የመንግሥት ቴአትር ቤት ተዋናይ ወር ሲደርስ ደመወዝ አለው፣ ቢያንስም ቢበዛም። የክበብና የኮንሰርት ሙዚቀኛ ግን የሚከፈለው ሲሠራ ነው፣ ያ ምሽት ከቀረ ያ ብር ቀረ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ መሰብሰብ ሲከለከል አይቼዋለሁ። ያኔ የጎረቤታችን ልጅ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ሁለት ወር ጠበቀ፣ በሦስተኛው ኪቦርዱን ሸጠ። ደረጃ ላይ ተሸክሞት ሲወርድ ሽቦው ከኋላው እየተጎተተ ነበር፣ አንስቼ ትከሻው ላይ አደረግኩለት። ያን ቀን አንድ ሰው መጥቶ «የትኬትሽን ብር ለእሱ እንስጠው?» ቢለኝ ሁለቴ አላስብም ነበር።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ብዙ ቴአትር ቤቶች እንዲህ ብለው ጠይቀዋል። ብራችሁን መውሰድ ትችላላችሁ፣ ብትተዉልን ግን ትረዱናላችሁ አሉ፣ ሰውም ተወላቸው። ጀርመን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ሕግ አውጥታ አዘጋጆች በብር ፋንታ ለሌላ ጊዜ የሚያገለግል ኩፖን እንዲሰጡ ፈቅዳለች። ኩፖኑን እስከ 2021 መጨረሻ ያልተጠቀመበት ሰው ግን ብሩን የመጠየቅ መብት ነበረው። ያ ሁሉ አዳራሽ ተዘግቶ እንኳን ብሩ የተመልካቹ መሆኑ አልተረሳም።

እዚሁ አዲስ አበባም መልካሙን አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ከእናቴ ጋር እሑድ ቴአትር ልናይ ሄድን። ትኬቱ 150 ብር ነበር። ሰዓቱ አለፈ፣ መጋረጃው አልተከፈተም። ከዚያ ተዋናዮቹ የመድረክ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወጡና ተሰልፈው ቆሙ። አንዷ ተናገረች። የዋናው ተዋናይ አባት አሁን ማረፋቸውን፣ ማሳየት እንደማይችሉ፣ የትኬት መስኮቱ ክፍት እንደሆነና ብሩን መውሰድ፣ ካልሆነም በዚያው ትኬት በሚቀጥለው እሑድ መምጣት እንደሚቻል ነገረችን። አዳራሹ «ነፍስ ይማር» አለ። ወጥተን ተሰለፍን። ትኬት ቆራጯ ምንም ሳትጠይቅ ትኬቱን እየተቀበለች ብሩን ትቆጥራለች። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ 300 ብራቸውን ተቀበሉ፣ ዞር ብለው በሩ ላይ ወደቆመው ወጣት ተዋናይ ሄዱና «ለእዝኑ» ብለው እጁ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሳጥን ያዞረ የለም፣ ስጡ ያለ የለም። እናቴ መቶውን ሰጠችና ሃምሳዋን መቀነቷ ላይ ቋጠረች፣ «ይቺ ለታክሲያችን ነች» ብላ።

እኔ ልገሳ የምለው ይህን ነው። ሰው መጀመሪያ ብሩን እጁ ላይ አገኘ፣ ከዚያ ሰጠ። የሰጠውም ፊቱን ላየው ሰው ነው። በእድራችንም መዋጮ ሲኖር ገንዘብ ያዡ ተነስቶ ለማን እንደሆነ፣ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተሰጠ ይናገራል። የኮንሰርቱ ማስታወቂያ ግን የትኞቹ ሙዚቃ ባለሙያዎች፣ ስንት ብር፣ በማን እጅ የሚለው አንዱም የለበትም።

አዘጋጆችም የሚሉት አላቸው። ለድምፃዊው ቀብድ ከፍለናል፣ አዳራሽ ተከራይተናል፣ ሳውንድና መብራት አስገብተናል፣ ያ ብር አይመለስም ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ኪሳራ ነው። ግን ንግዱ የእነሱ ነው፣ አዳራሹ ሞልቶ ቢያተርፉ ኖሮ ለእኔ አያካፍሉኝም ነበር። ትኬት ደግሞ ውል ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1815 ላይ ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ይኖሩበት ወደነበረው ሁኔታ ይመለሳሉ ይላል። ስለዚህ ብሩን ስጠይቅ ችሮታ እየጠየቅኩ አይደለም።

የዳር ሰፈር ሰው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እናቴ ያደገችው ፒያሳ ነው፣ ቴአትር በእግሯ ሄዳ ነበር የምታየው። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ዛሬም ፒያሳ ነው፣ የራቅነው እኛ ነን። ከኮዬ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ ተነስቶ መሀል ከተማ ድረስ ለብር መመለስ መሄድ ግማሽ ቀን ሥራና ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ይበላል። አንድ ትኬት ብቻ የገዛ ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ሂሳቡን ሠርቶ ይተወዋል። «ትኬቱን ይዛችሁ ኑ» ሲባል ቦሌ የሚኖረው ብሩን ይወስዳል፣ የእኛ ይቀራል፣ ከዚያ ለጋሽ ተብለን እንመሰገናለን።

መላው ደግሞ ከባድ አይደለም። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ እኛ ሰፈር ቲማቲም የምትሸጠውም በሱ ትቀበላለች። ትኬት ሲሸጥ ስልክ ቁጥር ይመዝገብ። ዝግጅቱ ሲሰረዝ ሳንጠይቅ ብሩ በዚያው ቁጥር ይመለስ፣ መሰረዙም በዚያው ቁጥር ይነገረን፣ ቢያንስ እናቴን ድንጋይ ላይ አላስቀምጣትም ነበር። ከዚያ በኋላ «ለባንዱ ልጆች የምትሰጡት ካላችሁ በዚህ ላኩ» የሚል መልእክት ይምጣ። ከመቶው አሥሩ ይስጥ፣ ሃያው ይስጥ፣ የሰጠው ግን ፈልጎ ሰጠ።

ጋዜጣችሁ የባህልና የኪነ ጥበብ ገጽ አለው። እባካችሁ አዘጋጆችን ጠይቁልን፤ ለገሳችሁ የተባልነው ብር የት ገባ?

ትኬቶቹ አሁንም ሳይንስ መጽሐፉ ውስጥ አሉ። 2,400 ብሬ ከተመለሰ 800ውን ለዚያ ምሽት ከበሮ ሊመታ ለነበረው ልጅ እሰጣለሁ፣ ከልጄም ጋር ተነጋግረንበታል፣ እሺ ብላለች። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት መምህርት፣ ከኮዬ ፈጬ