ቤቱን ስታነሱ ሕሙማኑንም አንሱልን

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጥንታዊ ቤቶች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ማን እንዳሠራቸው ነው። እዚያ ውስጥ ታክመው የዳኑትስ? ይህን የምለው የለንደኑን ላንስቦሮ ሀውስ እያሰብኩ ነው።

ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1719 ለአንድ ባለማዕረግ ተሠራ። በ1733 ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ሆነ። ያኔ አካባቢው ከከተማ ወጣ ያለ ገጠር ነበር፤ ንጹሕ አየሩ ለበሽተኛ ይበጃል ተባለ። ወጪውን የቻለው መንግሥት አይደለም። በጎ ፈቃደኞች እያዋጡ ነው ያቆሙት። ሁሌም ልቤን የሚነካው ይሄ ነው፦ ጌቶች ይኖሩበት በነበረ ክፍል የድሃ አልጋ ተዘረጋ። የፈንጣጣን ክትባት ለዓለም ያበረከተው ኤድዋርድ ጄነርም በቀዶ ሐኪሙ ጆን ሀንተር ሥር የተማረው እዚሁ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን አሮጌው ቤት ፈርሶ ሰፊ ሕንፃ ተተካ። ሆስፒታሉ በ1980 ቦታውን ለቀቀ። ሕንፃው ዛሬ ቅንጡ ሆቴል ነው።

የሁለተኛውን ሕንፃ መታደስ አልጠላሁም፤ እንኳን እሱም አልፈረሰ። ግን እንዲህ ያለ ቤት በሩ ላይ ከባለቤቱ ስም ጎን ስለ ነርሶቹ፣ ስለ ሕሙማኑና ገንዘብ ስላዋጡት ሰዎች የሚናገር ጽሑፍ ይገባዋል። እናንተም በዓምዳችሁ ሆስፒታል የሆኑ አሮጌ ቤቶችን ታሪክ ብታስነብቡን ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ