የሕክምና ተማሪው ያገገመውንም ታካሚ ይየው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አእምሮ ሕመምና መገለል ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ኅብረተሰቡ ላይ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰውም አላመለጠም። የሕክምና ተማሪ «እብድ» የሚለውን ቃል ከሰፈሩ ይዞት ይመጣል። ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ ሲወጣ አብሮት ከወጣ ግን ተጠያቂዎቹ እኛ መምህራኑ ነን።

ችግሩ ያለው የሳይካትሪ አታችመንቱ ላይ ነው፤ ማለትም ተማሪው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመድቦ በሚለማመድበት ጊዜ። ተማሪው በጥቂት ሳምንታት ቆይታው በብዛት የሚያየው ሕመሙ የጠናበትን፣ በገመድ ታስሮ የመጣውን፣ ዋርድ የተኛውን ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ሱቁን የሚከፍተው፣ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ተመላላሽ ክፍል ለአፍታ ታይቶ ይሄዳል። «አይድኑም» የሚለው የሰፈር ወሬ ለተማሪው በዓይን የታየ ማስረጃ የሚሆነው እንዲህ ነው።

መዘዙ ድንገተኛ ክፍል ይገለጣል። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት የሚታወቅ ሰው ላብ አጥምቆት፣ የሚለው ጠፍቶት ሲመጣ «ሳይኪ ኬዝ ነው»፣ የአእምሮ ሕመም ነው፣ ይባልና ወደ አእምሮ ክፍል ይላካል። ጣቱ ተወግቶ ቢለካ ስኳሩ ወርዶ ሊገኝ ይችላል፤ ትኩሳት ካለው ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ድንገት የጀመረ፣ ቀንና ቦታ የሚያስት፣ አንዴ ጠንከር አንዴ ቀለል የሚል መወናበድ የአካል ሕመም አለመሆኑ ሳይጣራ ለአእምሮ ሐኪም ብቻ አይተውም። መገለል ሰው የሚገድለው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ቀን አዳራሽ ሞልቶ ስለ መገለል ሌክቸር መስጠት ብዙ አያራምድም፤ የመጣው ለውጥ ቶሎ ይበናል። የሚሻለው ያገገመው ሰው ራሱ እንዲያስተምር ማድረግ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ተማሪ፣ ወንበሩ በክብ፣ ጋዋን ወልቆ። ተናጋሪው የሚናገረውንና የማይናገረውን አስቀድሞ ራሱ ይወስን፤ እንደ ማንኛውም መምህር ይከፈለው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መምህሩ «እስቲ የሚሰማህን ድምፅ ንገራቸው» ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሰውየው ተመልሶ ኬዝ ይሆናል። ተማሪው ስለ ውሎው፣ ስለ ሥራው፣ ሐኪም ምን ብሎት እንደጎዳው ወይም እንደረዳው ይጠይቀው። ይህም ክሊኒካል ትምህርት (ታካሚ እያዩ መማር) ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ በአታችመንቱ ጊዜ አንዴ፣ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሊሆን ሲል ደግሞ አንዴ ይደገም።

ተማሪው ራሱ ሲታመምስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ40 በላይ አገሮችን ያካተተ ትንተና 27 በመቶ ያህሉ የሕክምና ተማሪዎች ድብርት ወይም የድብርት ምልክቶች እንዳሏቸው፣ 11 በመቶ ያህሉ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አሳይቷል። ድብርት ከታየባቸው ሕክምና የፈለጉት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። አያስገርምም፤ የሚያክመው ሐኪም ነገ ፈታኙ ነው፣ ካርዱን የሚያወጣውም ያውቀዋል። ስለዚህ የትምህርት ውጤት የማይሰጠው ሐኪም፣ ከግቢው ውጭ፣ በስሙ ሳይሆን በቁጥር በተከፈተ ካርድ ይየው።

ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መጠይቅ በክፍል ተጠሪ አስበትኖ ስም እያስጻፉ መሰብሰብም ይቅር። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው። «አዎ» ያለውን ተማሪ በዚያው ቀን የሚያነጋግር ሰው ካልተዘጋጀ ወረቀቱ ባይታደል ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአእምሮ ሕክምና መምህራን፣ አዲስ አበባ