ሁለተኛው ኪሎ ቡና

ጥር 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ዝምታ በኋላ “እንደምን ከርመሻል” ስልሽ ምን እንደምትይ ይሰማኛል። “ደግሞ ከየት ተገኘሽ?” ትያለሽ። ከባሌ ነው የተገኘሁት። እውነቴን ነው።

ስድስት ኪሎ ሳለን ከአልጋሽ ራስጌ የለጠፍሽውን ካላንደር ታስታውሺዋለሽ? ቀይ ቀበሮ ያለበትን። ዓመቱ ካለፈም በኋላ አላነሳሽውም። ስንመረቅ ባሌ ሄደን በዓይናችን እናየዋለን ብለን ተማምለን ነበር። ተመረቅን። አንቺ ዲቪ ደረሰሽ፣ እኔ ባንክ ገባሁ። መሐላውም ከካላንደሩ ጋር እዚያው ዶርም ቀረ።

በ2016 መስከረም ላይ የባሌ ተራሮች ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ፌስቡክ ላይ ለጥፈሽው አየሁ። “መሐላችን!” ብለሽበታል። ስሜን አልጠራሽም፤ ለእኔ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ላይክ እንኳ ማድረግ አቃተኝ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ጉዞውን ልንገርሽ።

ባለፈው ጥቅምት “ሰባት ቀን በእግር፣ በፈረስና በብስክሌት፤ ከባሌ ተራራ እስከ ሐረና ደን” የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ መጣ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል። ብስክሌት ከነዳሁ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ፈረስ ላይ የወጣሁት እንጦጦ ለፎቶ ብቻ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከፈልኩ። እህቴ “ሰው በገንዘቡ መከራ ይገዛል?” አለችኝ።

ኅዳር ላይ ሰባት ሆነን ወጣን። መንገዱ በአሰላ፣ በበቆጂ አድርጎ ነው። በቆጂ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ያው የነቀነኒሳና የነጥሩነሽ አገር ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ። ከመኪናው ሻይ ቤቱ ድረስ ስሄድ ትንፋሽ አጠረኝ። ደብተሩን ብብቱ ሥር የሸጎጠ አንድ ትንሽ ልጅ በሩጫ አለፈኝ። ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ።

ዲንሾ ማታ ደረስን፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ጠዋት ከድንኳኔ ስወጣ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ የደጋ አጋዘን ከኮሶ ዛፍ ሥር ቆሞ ያየኛል። ከኢትዮጵያ ውጪ የሌለ እንስሳ፣ ልክ እንደ ግቢው ዘበኛ! ጥርሴን ሳልቦርሽ ደቂቃ ሙሉ ተፋጠጥን። የሰለቸው እሱ ነው፣ ትቶኝ ሄደ።

ከዚያ በፈረስ ሆነ። ዳማ ፈረስ ሰጡኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ ብዙ አይሉም፣ የእኔም ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ለሦስት ቀን የተግባባነው “ሱታ” በሚል አንድ ቃል ነው። ቀስ ማለት ነው። ፈረሱ ሲፈጥን ለእሱ “ሱታ” ይላሉ፣ እኔ ስጮኽ ለእኔ “ሱታ” ይላሉ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ደግሞ ልጓሙን ይይዙና በእጃቸው መሬቱን ያሳዩኛል። ውረጂ ነው። መጀመሪያ አኮረፍኩ። የከፈልኩት ለፈረስ፣ የምሄደው በእግሬ! አስጎብኚያችን፣ የዲንሾ ልጅ ነው፣ ሳቀብኝ። “ቁልቁለት ላይ ክብደትሽ በሙሉ የሚያርፈው በፈረሱ ትከሻ ላይ ነው። እዚህ አገር ፈረስ ከእንግዳ ይበልጣል” አለኝ።

የወይብን ወንዝ ከዳማው ሆድ ሥር ውሃ እየተንቦራጨቀ ተሻገርን። ከፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ አጠገብ የዓለት ጥላ አለ። ተራ የእረኛ መጠለያ ይመስላል። ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2019 እንዳሳተሙት፣ ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው እየተመላለሰ ኖሮበታል። 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያውም በላይ በኩል ያሉት ተራሮች በግግር በረዶ በተሸፈኑበት ዘመን። ምን ይበሉ ነበር አትይኝም? ፍልፈል! የባሌን ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ አጥንቱ ተቆፍሮ ተገኝቷል። እኔ በዚያን ሌሊት በሁለት ጋቢና በስሊፒንግ ባግ ተጠቅልዬ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጠዋት የመጠጥ ውሃዬ ጠርሙሱ ውስጥ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት።

የጫማዬን ነገር ሳልነግርሽ ረስቼ። አዲስ ነበር፣ አዲስ ጫማ ይዞ ተራራ የሚሄድ ሞኝ እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፤ አሁን ነቅሏል። ሽማግሌው አይተው ምንም አላሉም። ማታ ቅቤ በቅጠል ይዘው መጡና ከድንኳኔ ደጃፍ አስቀምጠው ሄዱ።

ሳነቲን በምን ልንገርሽ? አምባ ነው፣ ወደ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ። ዛፍ የለም። ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከሩቅ ጋቢ የለበሰ ሰው ይመስላል። አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል አሉኝ፤ የደረቀው ግንድ ግን ወዲያው አይወድቅም።

ቀበሮሽን እዚያ አየሁት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስጎብኚው እጁን አነሳ፣ ሁላችንም ተቀመጥን። ከካላንደሩ ይልቅ ቀይ ነው፣ እግሩም ረጅም። ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ደረቱን መሬት ላይ አድርጎ ተኝቷል፣ ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፍልፈሉ ከወገቡ በላይ ብቅ ይላል፣ ሳር ይለቅማል፣ ይገባል። ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ዘለለ። ሳተ! ጉድጓዱን አንዴ አሸተተና ምንም እንዳልተፈጠረ ሄደ። አልሳቅንበትም፣ ማን ይስቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። የሚፈጃቸው ደግሞ አዳኝ እንዳይመስልሽ፣ የሰው ውሻ የሚያመጣባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አስጎብኚያችን መጀመሪያ የተማረው ሥራ መንደር ለመንደር እየዞሩ ውሻ ለሚከትቡት ሰዎች ውሻ መያዝ እንደሆነ ነገረኝ። የተነከሰበትን ክንዱንም አሳየኝ።

ፎቶ አላነሳሁም። ስልኬ በብርዱ ሞቶ ነበር። ስለዚህ ቃሌን ነው የምታምኚው።

ቱሉ ዲምቱን፣ 4,377 ሜትሩን፣ በእግር ወጣን። ራሴ በመዶሻ ይመታል። አሥር እርምጃ፣ እረፍት፣ አሥር እርምጃ፣ እረፍት። ጫፉ ላይ ስደርስ አንድ ቤተሰብ መኪናውን አቁሞ ቆሎ ይበላል! ለካ እስከ አንቴናው ድረስ የመኪና መንገድ አለ። እናትየው አዝና ቆሎ ዘገነችልኝ።

ብስክሌቱ ከሳነቲ ጠርዝ ወደ ሪራ መንደር መውረጃው ላይ ነው። ያከራየንን ድርጅት ስም አልጠራም፤ የኋላ ፍሬኔ ግን ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው የለቀቀው። በፊት ፍሬንና በጫማዬ ሶል አቆምኩት። (ጫማው ለአንድ ነገር ጠቀመ።) የዳማውን ጌታ አሰብኳቸው። ወረድኩና ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ። ሌሎቹ እንደ ነፋስ ሲያልፉኝ እኔ አገሩ ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ አስታ፣ ቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት። ዝቅ ሲል ጉም። ከዚያ ቀርከሃ፤ ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፣ ከቀርከሃ ሌላ ብዙም አይበላም ይባላል። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ሻርፕ አወለቅኩ። ከላይ ውርጭ፣ ከታች ጫካው ራሱ ያልበዋል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው ብቻ ይታያል። ሐረና ውስጥ አንበሳም አለ። ማታ ለሽንት ከድንኳን ስወጣ ይህንን ማወቄ አልጠቀመኝም።

ከሪራም በታች ወርደን ቡናው ጋ ደረስን። ማንም ያልተከለው ቡና ነው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ። ቀፎዎች ከላይ ተሰቅለዋል። አንዲት ሴት ቤቷ አስገባችን፣ ቆላች፣ ወቀጠች፣ ከማር ጋር ሰጠችን። እናትሽ ሲኒውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው “ይሄ የሐረር ነው፣ ይሄ የጅማ ነው” ሲሉ ትዝ አለኝ። ይሄኛውን ምን ይሉት ነበር እያልኩ ሳስብ ሴትየዋ ስንት ልመዝንልሽ አለችኝ። “ሁለት ኪሎ፣ አንዱ ለቤቴ፣ አንዱ ለእማማ” አልኩ። አፌ ነው ያለው። ከዚያ ነው ያወቅኩት።

እንግዲህ ደረስኩበት። መጋቢት 2014። አንቺ አራስ ነበርሽ። ቤተሰቡ “እስክትጠነክር ማንም እንዳይነግራት” ብሎ ተማክሯል። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እናንተ ግቢ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ደወልሽ። ስምሽ ስልኬ ላይ በራ። እማማ ለምን ስልክ እንደማያነሱ ልትጠይቂኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። ባነሳው እዋሽሻለሁ፣ ወይም አረዳሻለሁ። ጮኾ ጮኾ እስኪቆም አየሁት። ሁለቴ ደወልሽ። ከተረዳሽ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል? ያ ስልክ ይታየኝ ነበር። ነገ እላለሁ፣ ነገው ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ከሁሉም በላይ እኔ እንደማልዋሽሽ ነበር የምታውቂው።

ያኔ ልነግርሽ የሚገባኝን ዛሬ ልንገርሽ። ከማረፋቸው አምስት ቀን በፊት እሳቸው ጋ ነበርኩ። ቡናውን ራሳቸው ነው ያፈሉት፣ እምቢ አሉኝ። የልጁን ፎቶ በስልክ አሳዩኝ፤ “አፍንጫው የአባቴ ነው፣ ቁርጥ እሱን” አሉ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ የአባታቸውን አፍንጫ እኔ የማውቀው ይመስል። ሲሸኙኝ በር ድረስ ወጡ። አልታመሙም፣ አልተሰቃዩም። ቀብሩ ላይ ካፊያ ነበር። የሰፈሩ ሰው አንድም አልቀረም፤ ያ የተጣሉት ጎረቤት እንኳ መጥቶ ድንኳን ተክሏል።

ሁለተኛው ኪሎ ቡና ኩሽናዬ ውስጥ አለ። በጥሬው ነው፣ አልነካሁትም። አሜሪካ በሚሄድ ሰው ልልክልሽ አስቤ ተውኩት። ሶፍ ዑመርንም አላየሁትም፤ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። ያ በዳማው የተሻገርኩት ወይብ ታች ወርዶ እዚያ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። አስጎብኚው ለሁለት ሰው በርካሽ እወስዳችኋለሁ ብሎኛል፤ ብስክሌት የለበትም።

ከተቆጣሽ ተቆጪ፣ በደብዳቤም በስልክም ይሁን። በዚህኛው ቁጥሬ ብትደውይ አነሳለሁ። ካልተቆጣሽ ደግሞ የጫማ ቁጥርሽን ላኪልኝ። 38 ነበርሽ፣ አይደል? ለቁልቁለቱ 39 ነው የምገዛልሽ፤ እዚያ ይዘሽው ሳትላመጂ እንዳትመጪ ቶሎ ጻፊልኝ።

ያንቺው